አንድ እጅ ብቻ የተነሳበት ተክቢራ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዶርማችን ስድስት ነን። ይህን የምንጽፈው አምስታችን ነን። ስድስተኛው ወንድማችን ታሪኩን እንድንጽፈው ፈቅዶልናል፤ ስሙን እንዳናነሳ ብቻ አደራ ብሎናል። አደራውን ጠብቀናል። ቀድሞ ያልጠበቅነው አደራ ግን አለ፤ የምንጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ወንድማችን ከእኛ ሁሉ ቁርኣን የሚያምርለት እሱ ስለሆነ፣ መስጂድ ለመውጣት ሳይመቸን ቀርቶ ዶርም ውስጥ በጀመዓ ስንሰግድ ኢማማችን እሱ ነው። አንድ ቀን ዒሻ ላይ ከኋላው ቆመን «አላሁ አክበር» ሲል የግራ እጁ ወደ ጆሮው ተነሳ፤ የቀኝ እጁ ከጎኑ ሳይላቀቅ ቀረ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛውም ቀን። አምስታችንም ከኋላው ነበርን፣ አምስታችንም አይተናል። ሰላት ሲያልቅ «አላህ ያሽርህ» እንለዋለን፤ እሱም «አሚን» ይላል፤ ከዚያ ወደየመጽሐፋችን እንዞራለን። እንዲህ እያልን ከሁለት ሳምንት በላይ ከረምን።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከዓስር በኋላ ሜዳ ላይ ነው። ኳስ እየተጫወትን ተጠልፎ ወደቀ፤ ሲወድቅ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊመክት ሞከረና የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ትከሻው ላይ አረፈ። የመጀመሪያውን ስህተት እዚያው ሠራን። ልናነሳው ብለን የጎተትነው በዚያው በተጎዳው እጁ ነው። ጩኸቱን ስንሰማ ለቀቅነው። ትከሻው ክብ ቅርጹን አጥቶ ጠፍጥፏል፤ ከፊት በኩል ደግሞ የማናውቀው እብጠት ወጥቷል። ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ይዞ ዝም ብሎ ቆመ።

«ወልቋል» አልን። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርን። ቀጥሎ ግን የግቢው ክሊኒክ በእግር አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በባጃጅ ከተማ ወሰድነው። አንዱ የሚያውቃቸው ወጌሻ ነበሩ፤ «ክሊኒክ ሄደህ ስትሰለፍ ትውላለህ፣ እሳቸው በአንዴ ይመልሱታል» ተባለ። እውነትም ሽማግሌው ጎተት አድርገው አዞሩት፤ ድምፅ ሰጠና ገባ። ሕመሙ ቀለለለት፤ እኛም ተደሰትን። አስረውለት «አታንቀሳቅሰው» ብለው ሸኙን። በመንገድ ላይ «አልሐምዱሊላህ፣ በቀላሉ ተገላገልን» ስንባባል ነበር።

ሳምንት አለፈ፤ እጁ አልነሳ አለ። «ጊዜ ይፈልጋል» አልነው። አንዳችን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ማታ ማታ አሸነው። ሌላችን ደግሞ «እንዳይደርቅ አሠራው» ብለን እጁን ይዘን ወደ ላይ ገፋንለት፤ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ከክንዱ በላይ ውጨኛው ጎን ላይ ቆዳው እንደደነዘዘ ሲነግረን «ደም ስላልዞረ ነው» ብለን መለስንለት። ማን ነገረን? ማንም። ሚድ ደርሶ ነበር፤ እሱም ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ እየጻፈ ተፈተነ። ሲያማርር ደግሞ ሙስሊም እሾህ እንኳ ቢወጋው ወንጀሉ እንደሚማርለት አስታወስነው። ሐዲሱ እውነት ነው። እኛ ያስቀመጥንበት ቦታ ነው ውሸት የነበረው። ሰው ሕክምና ጨርሶ ወይም ሕክምና አጥቶ ሲታገስ የሚጽናናበትን ቃል፣ ሕክምናው በር ላይ ሳለ እንዳይሄድ ማስታገሻ አደረግነው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን አንድ የሕክምና ተማሪ ወንድማችን ሊጠይቀን መጣ። ዒሻ አብሮን ሰገደ። ሰላት እንዳበቃ ከሁላችን ቀድሞ ወደ ኢማሙ ሄደና ሦስት ጥያቄ ጠየቀው። «ራጅ ተነስተሃል?» አልተነሳም። «ማንም ሳይደግፍህ እጅህን ወደ ጎን ታነሳለህ?» ሞከረ፤ አልቻለም። ከትከሻው በታች ውጨኛውን ጎን በጣቱ ነካ አድርጎ «እዚህ ጋ ይሰማሃል?» አለው። «እንደ ሌላው አይደለም» አለ። እንግዳችን ፊቱ ተለወጠ፤ ለእኛ ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። «ነገ ከሱብሒ በኋላ ክሊኒክ ትሄዳላችሁ» ብቻ አለ።

ክሊኒኩ ሪፈር ጻፈለት፤ ሆስፒታል ራጅ ተነሳ። ዶክተሩ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅለው አሳዩን። የክንዱ አጥንት ራስ ወደ ቦታው ተመልሷል። ነገር ግን ጅማቶቹ የሚያያዙበት የአጥንቱ ጫፍ ተሰብሮ፣ በጅማቱ ተስቦ ወደ ላይ ሸሽቶ፣ እዚያው በተሳሳተ ቦታ መጋጠም ጀምሯል። በትከሻው ዙሪያ የሚያልፈው ነርቭም ተጎድቷል። ከእኛ አንዱ ፈራ ተባ እያለ «የተሰበረው ሲወድቅ ነው ወይስ ሲጎተት?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሩ «አሁን ማወቅ አይቻልም፤ የመጀመሪያው ቀን ራጅ ተነስቶ ቢሆን እናውቅ ነበር» አሉ። ያች መልስ እስከ ዛሬ አለቀቀችንም። ሜዳ ላይ የጎተትነው እኛ ነን፤ ወጌሻ ዘንድ የወሰድነው እኛ ነን፤ ማታ ማታ ወደ ላይ የገፋነውም እኛ ነን።

ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የተሰበረው ጫፍ በብሎን ታሰረ። ሰሚስተሩን ዊዝድሮዋል ሞልቶ ቤተሰቡ ዘንድ ገባ።

ከእኛ አብዛኞቻችን መድረሳ ያደግን ልጆች ነን። የተየሙም ባብ ስንቀራ ኡስታዛችን የነገሩንን አንድ ታሪክ በዚያን ጊዜ አስታወስን። አቡ ዳዉድ ከጃቢር ዘግበውታል። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ አንዱን ድንጋይ መትቶት ራሱ ተፈነከተ። ከዚያ ጀናባ ሆነና ተየሙም ማድረግ ይፈቀድለት እንደሆነ ጓደኞቹን ጠየቀ። እነሱም ውሃ እያለ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ወሬው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ እጅግ ተቆጡ፤ የገደሉት እነሱ እንደሆኑ ተናገሩ፤ የማያውቁ ከሆነ ለምን እንዳልጠየቁ፣ የአለማወቅ መድኃኒቱም መጠየቅ እንደሆነ አስተማሩ።

ልጅ ሳለን ይህን የቀራነው ስለ ትጥበት ነው ብለን ነበር። አሁን ስናየው ስለ ጓደኞችም ነው። እነዚያ ሰዎች የቆሰለውን ወንድማቸውን የሚጠሉ አልነበሩም። ለዲኑ ተጨንቀው፣ ሳያውቁ መለሱለት። እኛም እንወደው ነበር። በዲን ጉዳይ ያለ ዒልም ፈትዋ መስጠት ከባድ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንድ የፊቅህ ጥያቄ ሲነሳ «ኡስታዝን እንጠይቅ» እንላለን። በወንድማችን አካል ላይ ግን አምስታችንም ሙፍቲ ሆንን።

ከዚህ በኋላ ጠየቅን። ሐኪሞቹንም፣ ያንን የሕክምና ተማሪ ወንድማችንንም። የሰማነውን ለእናንተ ማድረስ ይገባናል።

ትከሻ ከሌሎች መገጣጠሚያዎች ሁሉ ይበልጥ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። ይህን ነጻነት ያገኘው ግን በዋጋ ነው። የዳሌ አጥንት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ፣ የትከሻው ግን ሎሚ በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማኖር ነው፤ ጉድጓዱ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። ሎሚው እንዳይንከባለል የሚይዙት በዙሪያው ያሉ ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው፤ ዋናዎቹ አራት ናቸው። ስለዚህ ትከሻ ሲወልቅ የሚጎዳው አጥንቱ ብቻ አይደለም። ጅማት ሊበጠስ፣ የአጥንት ጫፍ ሊሰበር፣ በቅርብ የሚያልፍ ነርቭና ደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። ይህን ደግሞ በእጅ በመዳበስ ብቻ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ወጌሻን መናቃችን አይደለም። እኚያ ሽማግሌ ያደረጉት ያወቁትን ነው፤ ስንት ወለምታ እንደመለሱ አላህ ያውቃል። ግን ከቆዳ በታች የሚያዩበት ራጅ የላቸውም። ከዚያ ሌላ ተሰበረ የተባለን እጅ ወይም እግር አጥብቆ በማሰር ደም ተቋርጦ እስከ መቆረጥ የሚደርስ ጉዳት በሀገራችን የአጥንት ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። በወጣትነቱ ትከሻው አንዴ የወለቀ ሰው ደግሞ ዳግም የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ «ገባ» ማለት «አለቀ» ማለት አይደለም።

እንግዲህ መቼ ነው ሐኪም ዘንድ የሚኬደው?

በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው። ከመውደቅ ወይም ከመመታት በኋላ የትከሻው ቅርጽ ከተለወጠ፤ እጁን ጨርሶ ማንቀሳቀስ ካልተቻለ፤ ሕመሙ የማይቻል ከሆነ ወይም እብጠቱ በፍጥነት ካደገ፤ ክንዱ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ከዛሉ ወይም መርፌ የሚወጋ ዓይነት ስሜት አልለቅ ካለ፤ እጁ ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ፤ ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ። ሳይወድቁም ቢሆን ትከሻው ከተቃጠለና ካበጠ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላልና ማደር የለበትም። የትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከላብ ጋር ከመጣ ደግሞ ነገሩ ከትከሻ ሳይሆን ከልብ ሊሆን ይችላል። ይህ ለእኛ ዕድሜ ብዙም ባይሆን፣ ዒድ ላይ ቤት ስንገባ ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን ማወቅ አለብን።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያስኬዱት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ከወደቁ በኋላ እጅን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ማንሳት ካቃተ፤ ሌላ ሰው ሲያነሳው የሚነሳ፣ ሲለቀው ግን የሚወድቅ ከሆነ፤ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፤ «ሊወልቅ ነው» የሚል ስሜት ከተመላለሰ። ወልቆ በራሱ ወይም በሰው እጅ የገባ ትከሻም ሕመሙ ቢጠፋም እንኳ መታየት አለበት። እኛን የሸወደን ይህ ነው፤ የሕመም መቅለል መዳን መሰለን።

ከዚህ ውጭ ያለው ብዙው የተማሪ ትከሻ ሕመም ሐኪም አያስፈልገውም። ላፕቶፕ ላይ ስናጎነብስ አድረን፣ ከባድ ሻንጣ በአንድ ትከሻ አንጠልጥለን፣ ውሃ በጀሪካን አምስተኛ ፎቅ አውጥተን የመጣ ሕመም እጁ እየሠራ ከሆነ በቀናት ውስጥ በዕረፍት ይቀላል። ከባድ ነገር ከማንሳት መታቀብ፣ እጁን ግን ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ ነው። ሁለት ሳምንት ሞልቶት ካልተሻለ ግን እሱም መታየት አለበት። በተግባር ላይ ትምህርት ኩሽኔታ ድምፅ ሲያሰማ ማሽኑን አቁሞ መክፈት እንደሚገባ እንማራለን፤ «ይለመዳል» ብሎ የሚያስነሳ ቴክኒሻን የለም። የሰው ትከሻ ከኩሽኔታ አያንስም።

እስኪታዩ ድረስ ምን ይደረጋል? ልናስገባ ብለን አንጎትት። የተጎዳውን በዚያው እጁ ይዘን አናንሳ። በሻሽ ወይም በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥለን ክንዱን ደረቱ ላይ እናሳርፍለት። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልለን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ እናስቀምጥለት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማሸትና ማሞቅ እብጠቱን ስለሚያብሰው እንተወው። ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ስለሚችልም ሐኪም ሳያየው ምግብና መጠጥ አንስጠው።

ስለ ዒባዳም ጥያቄ ይነሳል። ወንድማችን በእነዚያ ቀናት ውዱእ ሲያደርግ ማሰሪያውን ፈትቶ፣ ሱጁድ ሲወርድ በተጎዳው እጁ ተደግፎ ነበር፤ «ሰላቴ እንዳይጎድል» ብሎ። እኛም ዝም አልነው። ዲናችን ግን ቆሞ መስገድ ላልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ላልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ የፈቀደ ነው። እጁን መሬት ላይ ማሳረፍ የማይችል ሰው የቻለውን ያህል አድርጎ ሱጁድ ያደርጋል። በሕክምና የታሰረ አካል ላይ ማበስ እንዴት እንደሆነ በፊቅህ ኪታቦች ተብራርቷል፤ ዝርዝሩን ኡስታዞችን ጠይቁ። ተወኩልም ሰበብ ከማድረስ ጋር አይጣላም። ገጠሬዎቹ መጥተው እንታከም ወይ ብለው ሲጠይቁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነግረዋቸዋል።

ለእህቶቻችን አንድ ቃል አለን። ከእናንተ አንዳንዶቹ ትከሻን ለወንድ ሐኪም ማሳየትን በመሸሽ ሕመም እንደምትደብቁ ሰምተናል። ሐያችሁን አላህ ይውደድላችሁ። ሴት ሐኪም ካለች እሷን የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ እህት ይዛችሁ መግባትም ትችላላችሁ። ሴት ሐኪም በሌለችበት ግን ዑለማዎች ለሕክምና የግድ የሆነውን ያህል መግለጥን ፈቅደዋል። ራጅ ስትነሡም ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምትጠራጠር ካለች አስቀድማ ለባለሙያው ትንገር።

ሰው እንዳይሄድ የሚያደርጉትን ሰበቦችም እናውቃቸዋለን፤ ሁሉንም ተናግረናቸዋልና። ፈተና አለ። ሰልፉ ረጅም ነው። ሪፈር ከተጻፈ ገንዘብ ያስፈልጋል። ወንድ ልጅ ለዚህ አያለቅስም። ፈተናው እውነት ነበር፤ ግን ወንድማችን አንድ ሚድ ላለመቅረት ብሎ ሙሉ ሰሚስተር ቀረ። ገንዘቡም እውነት ነበር፤ ግን የወጌሻውና የባጃጁ ክፍያ ከኪሳችን ወጥቶ ነበር፤ ክሊኒኩ ደግሞ የግቢው ተማሪ በመታወቂያው የሚታከምበት ነው። ለራጅና ለትራንስፖርት ካነሰን ከጀመዓው መጠየቅ እንችል ነበር። አልጠየቅንም። ከሁሉ የከፋው ሰበብ ግን እነዚህ አንዳቸውም አይደሉም። አምስታችንም በየራሳችን «ሌላው ይነግረዋል» ማለታችን ነው። ሰልፍ ሠርተን ከኋላው ቆመን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ የእሱን ትከሻ ሳንጠይቅ ሰገድን።

ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቆመን ዓፍው ጠየቅነው። «እኔም እኮ አልሄድኩም፤ እግሬ አልተሰበረም ነበር» ብሎ አሳቀን። ከዚያ ረጋ ብሎ «ቀደር ነው። ግን ለሌሎቹ ንገሯቸው» አለን። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ የእሱ ትእዛዝ ነው።

በዚህ ሰሚስተር ተመልሷል። ፊዚዮቴራፒውን በየቀኑ ይሠራል፤ ዶርም ግድግዳ ላይ ጣቶቹን እያንፏቀቀ ወደ ላይ የሚያወጣበት ቦታ በእርሳስ ምልክት አለው፤ ምልክቱ ቀስ በቀስ ከፍ ብሏል። የደነዘዘው ቆዳው ስሜቱ እየተመለሰ ነው። እጁ ግን እስካሁን ወደ ጆሮው አይደርስም። ባለፈው ሳምንት መግሪብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና ኢማም አደረግነው። «አላሁ አክበር» አለ። ሁለቱም እጆቹ ተነሱ፤ ቀኙ ትከሻው ልክ ሲደርስ ቆመ፤ ግራውንም እዚያው አቆመው።

እጅን እስከ ትከሻ ማንሳትም በሐዲስ የመጣ ሱንና ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ከኋላው የቆምነው አምስታችን ግን የዚያን ቀን ፋቲሓውን በደንብ አልሰማነውም።

እህት ወንድሞች፣ ዛሬ ማታ ሰፍ ስትቆሙ አጠገባችሁ ያለውን ተመልከቱ። እጁ ካልተነሳ፣ ሱጁድ ሲወርድ ካቃሰተ፣ ዱዓችሁን አድርጉለት፤ ሰላት ሲያልቅ ግን አብራችሁት ወደ ክሊኒክ ሂዱ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋ ይስጥልን፤ ላወቅነው እንድንሠራ፣ ላላወቅነው እንድንጠይቅ ይርዳን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።